ድሬዳዋ ላይ ኑዛዜ አጻጻፍና የውርስ አጨራረስ፦ ከተናዛዡ ፊርማ እስከ ስም ዝውውር

የድሬዳዋ ቤተሰብ ውርስ በአንድ ግቢ ውስጥ ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቤቱ ሳቢያን ወይም ከዚራ ይሆናል፤ ከልጆቹ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዷ ጅዳ፣ ሌላው ሐረር ይኖራል፤ ካርታው በአባት ስም፣ የባንክ ደብተሩ በእናት ስም ይሆናል። ስለዚህ ባለንብረቱ በሕይወት ሳለ የሚጽፈው ኑዛዜም ሆነ ከሞተ በኋላ ወራሾች የሚያስከፍቱት መዝገብ ከመነሻው በሥርዓቱ ካልተያዘ፣ የአንድ ፊርማ ጉድለት ወንድምና እህትን ለዓመታት ፍርድ ቤት ሊያመላልስ ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበው ሁለቱንም ሥራ፣ ማለትም ኑዛዜ ማድረጉንና ውርስ ማጣራቱን፣ በቅደም ተከተል የሚያሳይ መመሪያ ነው።

በቅድሚያ የሚገዛውን ሕግና ጉዳዩን የሚያየውን ፍርድ ቤት መለየት ያስፈልጋል። የውርስ መሠረታዊ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ከቁጥር 826 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ውርስን ይመለከታሉ። በዚሁ ቁጥር መሠረት ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ኑሮው ድሬዳዋ የነበረ ሰው ለሕክምና ሄዶ አዲስ አበባ ወይም ሐረር ሆስፒታል ውስጥ ቢያርፍም ውርሱ የሚከፈተው ድሬዳዋ ነው። የባልና የሚስት ንብረት ጉዳይ ደግሞ በድሬዳዋ በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የሚገዛ ሲሆን፣ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ሐረር የሚኖር ሰው ይህን ልዩነት ለጠበቃው ማሳሰብ ይኖርበታል። ድሬዳዋ ውስጥ የፌዴራል ችሎትም የከተማ አስተዳደሩ ፍርድ ቤትም የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ስላሉ፣ ማመልከቻ ከማጻፍ በፊት መዝገብ ቤት ቀርቦ ጉዳዩ የትኛው ዘንድ እንደሚታይ መጠየቅ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

ኑዛዜውን ሲያዘጋጁ

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፣ ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈው ኑዛዜና የቃል ኑዛዜ። ቤት፣ ሱቅ ወይም ሌላ ከፍ ያለ ንብረት ላለው ሰው የምመክረው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ ሥርዓቱን ከጠበቀ ለማፍረስ ከሁሉም ይከብዳል።

በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው፣ ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 የሚጠይቀው ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በኑዛዜው ውስጥ እንዲጻፍ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም እዚያው ወዲያውኑ እንዲፈርሙ ወይም የጣት አሻራቸውን እንዲያኖሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። አራት ሰዎች መፈረማቸው ብቻውን አይበቃም፤ ኑዛዜው በፊታቸው መነበቡ በራሱ በኑዛዜው ላይ ሰፍሮ መገኘት አለበት። አራት ምስክር ተሰልፎ «ተነቦ ሰምተናል» የሚል ቃል ስለጎደለው ብቻ የሚፈርስ ኑዛዜ የሚያሳዝነው፣ የተናዛዡ ፈቃድ ለማንም ግልጽ ሆኖ ሳለ ውድቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ መዝጊያው አንቀጽ ከዚህ ያነሰ እንዳይሆን ያድርጉ፦

«ይህን ኑዛዜ ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ ፈቃድ ሰጥቻለሁ። ኑዛዜው ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ እኔ ተናዛዡና ከዚህ በታች ስማቸው የተጻፈው አራት ምስክሮች በአንድነት ባለንበት ተነቦ ሰምተነዋል፤ ቃሌ መሆኑንም አረጋግጬ እኔም ምስክሮቹም እዚያው ወዲያውኑ ፈርመናል።»

ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን ያለው አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የሚሰጠው የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተቋም ነው። ቁጥር 881ን አሟልቶ የተሠራ ኑዛዜ በዚያ ስላልተመዘገበ ብቻ አይፈርስም፤ ነገር ግን የአረጋዊው አእምሮ በዚያን ቀን ጤናማ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ክርክር ሲነሳ ባለሥልጣን ፊት የቀረበ ኑዛዜ የሚሰጠው ጥንካሬ ለምዝገባ ከሚወጣው ወጪ በእጅጉ ይበልጣል። ምስክር ሲመርጡ አካለ መጠን የደረሱ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚሰሙ፣ ከኑዛዜው ምንም የማይጠቀሙ ሰዎችን ይምረጡ። ተናዛዡ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ብቻ የሚሰማ ሆኖ ሳለ ኑዛዜውን በአማርኛ አጽፎ ማስፈረም ለተቃዋሚ በር መክፈት ነው። ዕድሜም ይመልከቱ፤ አራቱም የሰባ ዓመት ባልንጀሮች ከሆኑ ኑዛዜው በሚከፈትበት ቀን አንዳቸውም ላይገኙ ይችላሉ።

በራስ እጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። ልጁ የጻፈለትን ወረቀት አባት ቢፈርምበት ይህ ኑዛዜ በራስ እጅ የተጻፈ አይባልም። በተጨማሪም ሕጉ እንደሚለው በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሻራል። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ዓመታት ያስቆጠረ ወረቀት ይዘው ወደ ፍርድ ቤት የሚሄዱ ወራሾች አስቀድመው ይህን ቀን ይቁጠሩ።

የቃል ኑዛዜን በተመለከተ በአገራችን ያለው ልማድና ሕጉ ይራራቃሉ። ሕመም የጠናበት ሰው በንስሐ አባቱ፣ በሼኹ ወይም በጎረቤቶቹ ፊት «ቤቴ ለታናሽዋ ልጄ ይሁን» ቢል ሰሚው ሁሉ ቃሉን ያከብራል፤ ሕጉ ግን በሁለት ምስክሮች ፊት የተነገረ የቃል ኑዛዜ የሚጸናው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ለመሰየምና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው ይላል። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ብዙ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ እንኳ አይደርስም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ያ ቃል ይሻራል። ስለዚህ በሽተኛው አንደበቱ ሳይያዝ አራት ምስክር ጠርቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው መፍትሔው።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው መናዘዝ አይችሉም። በአንድ ሰነድ ላይ ሁለት ሰዎች ያደረጉት ኑዛዜ ፈራሽ ስለሆነ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጻፉ፤ እያንዳንዳቸውም በጋራ ንብረቱ ውስጥ ያላቸውን ግማሽ ብቻ እንጂ የትዳር ጓደኛቸውን ግማሽ ሊያወርሱ እንደማይችሉ ያስታውሱ።

ልጅን ከውርስ ለመንቀል የፈለገ ወላጅ ስሙን ሳያነሳ በማለፍ አይሳካለትም። ሕጉ መንቀሉ በግልጽ እንዲነገርና ምክንያቱ በኑዛዜው ላይ እንዲጻፍ ያዛል፤ ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑንም ፍርድ ቤት ሊመረምር ይችላል። ልጁ ያለ ወላጅ ፈቃድ በማግባቱ ብቻ የተነቀለበት ኑዛዜ ዘላቂነት ያጠራጥራል። ከዚህ ይልቅ ለተንከባከበ ልጅ ተጨማሪ ስጦታ በግልጽ መስጠት የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሆኖም ንብረቱን በኑዛዜ ሲያከፋፍሉ ከልጆቹ አንዱ ሊደርሰው ከሚገባው ከሩብ በላይ እንዳይጎድልበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እንዲህ የተጎዳ ልጅ ክፍፍሉን ሊያስፈርስ ይችላልና።

ልጆቹ ሕፃናት ከሆኑ ወይም ከመካከላቸው ራሱን ማስተዳደር የማይችል ካለ፣ ንብረቱን በቀጥታ ከማውረስ ይልቅ በአደራ ማስቀመጥ ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 516 ጀምሮ የተወሰነ ንብረት ለብቻው ተለይቶ በባለአደራ እንዲተዳደርና ገቢው ለተጠቃሚው እንዲውል ይፈቅዳል፤ አደራው በኑዛዜም ሊመሠረት ይችላል፣ ነገር ግን በግምት አይታሰብም፣ በግልጽ መጻፍ አለበት። አሠራሩ በተራው ሰው ዘንድ ብዙም አልተለመደም፤ ኑዛዜውን ያለ ጠበቃ መጻፍ የማይመከርበት ቦታም ይኸው ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ለሚኖሩ ሙስሊሞች ወቅፍ፣ ማለትም ንብረቱ ሳይሸጥ ጥቅሙ ለተወሰነ ዓላማ እንዲውል መስጠት፣ ለዘመናት የታወቀ መንገድ ሲሆን ክርክር ቢነሳበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያየዋል።

ሞት ሲደርስ

ከቀብር በኋላ ያለው የመጀመሪያ ተግባር ሞቱን ማስመዝገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ በክብር መዝገብ መመዝገብ አለበት፤ የሞት ምስክር ወረቀቱ ከሌለ ባንክም ሆነ ፍርድ ቤት አያስተናግድም። በእነዚሁ ቀናት ኑዛዜ መኖሩን ይፈልጉ፤ በቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሰነዶች ማረጋገጫ ተቋምና በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጭምር።

አንድ ነገር በጥብቅ መታወቅ አለበት። ሟቹ በሕይወት ሳለ ለልጁ የሰጠው ውክልና ከሞቱ ጋር ያበቃል። «ውክልና አለኝ» ብሎ ከሞት በኋላ መኪና የሸጠ ወይም ከባንክ ገንዘብ ያወጣ ልጅ ሥራው ፈራሽ ሊሆንበት፣ ወንድሞቹም ሊከሱት ይችላሉ። በሟቹ የኤቲኤም ካርድ ማውጣትም ከዚህ አይለይም።

ቀጥሎ የሚመጣው የወራሽነት ማስረጃ ነው። ወራሾቹ፣ ወይም ከመካከላቸው አንዱ፣ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ ያቀርባሉ፤ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ልጅነትን የሚያስረዳ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ሌላ ማስረጃና ቤተሰቡን የሚያውቁ የሰው ምስክሮች ያያይዛሉ። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ማስረጃው በቁጥር 996 መሠረት የሚሰጥ ሲሆን የሚናገረው ወራሾቹ እነማን እንደሆኑና ድርሻቸው ስንት እንደሆነ ብቻ ነው፤ ከዚራ ያለው ቤት የሟቹ መሆኑን፣ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚወስድ አይወስንም። ማስረጃውን የያዘ ወንድም ቤቱን የያዘ ይመስለዋል። እህቱን ሳይጠራ ለብቻው ያወጣ ወራሽም አያተርፍም፤ የተዘለለው ወራሽ ተቃውሞ ሲያቀርብ ማስረጃው ይሰረዛልና።

ድርሻው እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ እንየው። አንድ አባት ሳቢያን ውስጥ በትዳር ዘመኑ የተሠራ ቤት ትቶ አረፈ እንበል፤ ቤቱ 6,400,000 ብር ያወጣል፣ ዕዳ የለም፣ ኑዛዜም የለም፣ ወላጆቹም በሕይወት የሉም። ሚስቱ፣ ሁለት ወንድ ልጆቹና አንዲት ሴት ልጁ በሕይወት አሉ፤ አራተኛ ልጁ የነበረው ሦስተኛው ወንድ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በመጀመሪያ 3,200,000 ብሩ የሚስት ነው፤ ይህም ውርስ ሳይሆን የጋራ ንብረት ግማሽ የራስዋ ድርሻ ነው፤ ያለ ኑዛዜ ሚስት የባልዋ ወራሽ አይደለችምና። የቀረው ግማሽ ለአራት ይከፈላል፤ ወንድና ሴት ሳይለይ በሕይወት ያሉት ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 800,000 ብር ይወስዳሉ፤ ቀድሞ የሞተው ልጅ ሁለት ልጆች በአባታቸው ምትክ ገብተው 400,000፣ 400,000 ብር ይደርሳቸዋል።

ይኸው ቤተሰብ ሙስሊም ሆኖ ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመጨረስ ቢስማማ፣ የሟቹ ድርሻ ያው 3,200,000 ብር ነው ብንል፣ ሚስት ስምንተኛውን 400,000 ብር በውርስ ታገኛለች። ቀሪው 2,800,000 ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ እጅ ሆኖ ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወንድ 1,120,000፣ ለሴትዋ 560,000 ብር ይሆናል። በሕይወት ያሉ ወንዶች ልጆች ስላሉ የልጅ ልጆቹ አይወርሱም፤ ለእነሱ ማሰብ የሚፈልግ አያት ወራሾች ስላልሆኑ እስከ ንብረቱ ሲሶ ድረስ ሊናዘዝላቸው ይችላል። እንግዲህ የፍርድ ቤቱ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 የተከራካሪዎቹን ፈቃድ መሠረት ስለሚያደርግ፣ መጥሪያ የደረሰው ሰው ፈቃደኛ ካልሆነ ቀርቦ በግልጽ ይናገር፤ ዝም ብሎ መቅረት እንደ መስማማት ሊቆጠር ይችላል።

ማጣራትና ማካፈል

ወራሾቹ ከታወቁ በኋላ ውርሱ ይጣራል፤ ወራሾቹ ራሳቸው፣ ተናዛዡ የሰየመው ሰው ወይም ፍርድ ቤት የሚሾመው አጣሪ ይህን ይሠራል። አጣሪው የሟቹን ንብረት ይመዘግባል፣ ለሟቹ የሚከፈለውን ይሰበስባል፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ የኑዛዜ ስጦታውን ያስረክባል። በዕቁብ ያለው ገንዘብ መረሳት የለበትም፤ ሟቹ ዕጣው ሳይደርሰው የከፈለው የውርሱ ሀብት ነው፣ ዕጣውን ወስዶ ከሆነ ደግሞ ቀሪው ክፍያ ዕዳው ነው። የጡረታ አበል ከውርስ አይቆጠርም፣ ለሚገባቸው ተተኪዎች በጡረታ ሕጉ ይከፈላል።

የቀበሌ ቤት የውርስ ንብረት አይደለም። በ1967ቱ አዋጅ የተወረሱት የከዚራና የመጋላ ቤቶች ውስጥ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ቤቱን እንደ አባት ቤት ቢያዩት አይፈረድባቸውም፤ ሟቹ ግን ተከራይ ነበርና ለልጆቹ የሚያወርሰው ቤት የለውም። ኪራዩን ለመቀጠል የሚጠየቀው ቤቱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከፍርድ ቤት የወጣ የወራሽነት ማስረጃ ብቻውን በዚህ ረገድ አያዋጣም።

የአከፋፈሉ ቅደም ተከተል በቁጥር 1014 ተቀምጧል፤ የቀብር ወጪ፣ የማጣራት ወጪ፣ የሟቹ ዕዳ፣ ቀለብ፣ በመጨረሻም የኑዛዜ ስጦታ። ተዝካር በቀብር ወጪ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ድንኳን አስተክሎ በሬ የጣለው ታላቅ ወንድም ወጪውን ከቤቱ ሽያጭ እንዲተካለት ሲጠይቅ፣ ሌሎቹ ወደው ካልተስማሙ በቀር ሕጉ አያግዘውም፤ ቀድሞ ተነጋግሮ መፈራረም ይሻላል።

ወራሾች ከተስማሙ ክፍፍሉን በጽሑፍ አድርገው ይፈርማሉ፤ ቤቱ የማይከፈል ከሆነ አንዱ ለሌሎቹ ከፍሎ ያስቀራል፣ ወይም ተሽጦ ገንዘቡ ይከፋፈላል። ጅቡቲ ወይም ጅዳ ያለው ወራሽ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ይላክ፤ ውክልናው «ለመሸጥ፣ ለመካፈል፣ ስም ለማዛወር፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚሉትን ቃላት ለየብቻ ይዘርዝር፤ «ስለ ውርሱ ማናቸውንም እንዲፈጽም» የሚል አጠቃላይ ቃል ለቤት ሽያጭ አይበቃምና። ከወራሾቹ መካከል ሕፃን ካለ ሞግዚቱ፣ እናቱም ብትሆን፣ የሕፃኑን የቤት ድርሻ ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋታል። የከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ስም የሚያዛውረው የወራሽነት ማስረጃው፣ የክፍፍሉ ስምምነት ወይም ፍርዱ፣ ዋናው ካርታና የግብር ክፍያ ማስረጃው ተሟልተው ሲቀርቡለት ነው።

ጊዜ አይባክን። ወራሽ ያልሆነ ሰው የውርሱን ንብረት ይዞብኛል የሚል ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ በይርጋ፣ ማለትም በሕግ የተወሰነው የመክሰሻ ጊዜ በማለፉ፣ ሊታገድ ይችላል፤ ከዘር ርስት (ከዘር ከወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት) በቀር 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ አለማወቅም አያድንም።

ጠበቃ ሲይዙ ፈቃዱን ይጠይቁ። ከሐረሪ ክልል የተሰጠ ፈቃድ ብቻ ያለው ጠበቃ ድሬዳዋ ባለው የፌዴራል ችሎት ቆሞ ሊከራከርልዎ አይችልም። የአገልግሎት ዋጋውን በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ በውርሱ መቶኛ የሚከፈል ከሆነ መቶኛው የሚሰላው ከጠቅላላው ንብረት ይሁን ከእርስዎ ድርሻ ብቻ ለይታችሁ ጻፉ። አቅም ለሌለው ሰው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጠበቆችም በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የማገልገል ግዴታ አለባቸው። ሲሄዱ የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የካርታውን ቅጂ፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ ኑዛዜ ካለ ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን፣ እንዲሁም የሁሉንም ወራሾች ስምና የሚኖሩበትን ከተማ የያዘ ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ፤ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ካለም ስሙ በዝርዝሩ ላይ ይግባ፣ በሕጉ ፊት ድርሻው ከሌሎቹ እኩል ነው።